አረንጓዴዋ አሥራ አራት ቁጥር ፉርጎ

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ባለፈው ቅዳሜ ከጋገርኩት የፖም ኬክ ሁለት ቁራጭ በልተህ በሞዴል ባቡር ሠሪዎች ክበባችን አዳራሽ ስትንጎራደድ ስላየሁህ ደህና ነህ ብዬ ልለፈው። እኔም ደህና ነኝ።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከቅዳሜው ልጀምር። የድሮውን የጠባብ ሐዲድ ባቡራችንን ለጣቢያው ሙዚየም በትንሽ ሞዴል መልክ ስንሠራ፣ አሥራ አራት ቁጥር የመንገደኛ ፉርጎ ለእኔ ደረሰችኝ። ከክንዴ የምታንስ ነገር ስምንት ወር ፈጀችብኝ። የመስመሩን ስም በወርቃማ ቀለም የጻፍኩት በማጉያ መነጽር፣ አንዱን ፊደል በአንድ ትንፋሽ ነው። ተለጣፊ ፊደል ግዢ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት የመስመሩ ቀለም ቀቢ የነበረው አባባ በእውነተኛዋ ፉርጎ ላይ በእጁ ስለጻፈው ነው። አንተ የሞዴል ዳኛ ባጅህን ደረትህ ላይ ሰክተህ መጣህና፣ ከዴንቨር የመጡት እንግዶች እየሰሙ፣ "እህቴ፣ ይቺ ፉርጎ አንድም ቀን አረንጓዴ ሆና አታውቅም። እኛ ታሪክ እንጂ ምኞት አንቀባም" ብለህ አሳቅህብኝ። ጸሐፊያችን ዌንደል ፎቶ የለም ወይ ሲልህ፣ ያሉት ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ እኔ ግን መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ የቀባኋት ሰው ነኝ፣ ቀይ ነበረች አልከው። ቀይ ካልቀባኋት በመጪው ቅዳሜ በድምፅ ብልጫ ከሙዚየሙ የመስታወት ሳጥን ትወጣለች።

እኔን ማዋረድህን ለምጄዋለሁ። አልነበረችም ያልካት ግን የአባባን የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ቀብቷት የተባረረባትን።

ሰኞ ዕለት ወደ ቶርጉሰን እርሻ ነዳሁ። እውነተኛዋ አሮጌ ፉርጎ ዛሬም እዚያው የዶሮ ቤት ናት። የድሮ ቀለም የሚረጋገጠው ከእንጨቱ ላይ ልጣጭ አንስቶ ድርብርቡን በመቁጠር መሆኑን ያስተማርከኝ አንተው ነህ። የምቆጥረው አላገኘሁም። ግድግዳዋ እስከ እንጨቱ ተፍቋል፤ የመሮው ምልክት ገና ነጭ ነው። ወይዘሮ ቶርጉሰን፣ "ወንድምሽ በጸደይ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፍቅ ዋለ፤ ዶሮዎቼ ደንግጠው እንቁላል መጣል አቆሙ። ለአንድ ልጣጭ ይሄ ሁሉ?" አለችኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተው ግን መሮ ያስይዛል። የበሩን እጀታ ፈትቼ አነሳሁት። እዚያ ስር አልደረስክም። ቀይ፣ በላዩ አረንጓዴ፣ በላዩ እንደገና ቀይ። የላይኛው ቀይ ያንተ ነው።

አባባ ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይ ከቤታችን ውጪ ማንም አያውቅም ነበር። እማማ የፉርጎዎቹ ቀይ ቀለም ጣሳ ክዳን ላይ በሞረድ አንድ ቁርጥ፣ የጣቢያ በሮች በሚቀቡበት አረንጓዴ ጣሳ ክዳን ላይ ሁለት ታበጅለት ነበር። ቁርጡን በአውራ ጣቱ ሳይዳስስ ብሩሹን ነክሮ አያውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት አንዴም አልተሳሳተም። ያን እሁድ ግን ብቻውን ሥራ ገብቶ ሙሉ ፉርጎ አረንጓዴ ቀባ፤ በላዩም ያን የሚያምር ፊደሉን ጻፈበት። ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ ከቦ ሳቀበት፤ አለቃውም ዕውር ቀለም ቀቢ አልቀጥርም ብሎ አባረረው።

ክዳን እኮ ከአንዱ ጣሳ ተነስቶ ሌላው ላይ ይገጠማል። ከአባባ ሌላ የቁርጡን ምሥጢር የምናውቀው ሦስት ነበርን። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያን ሰሞን አክስታችን ቤት ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቼ ነበር፤ እማማም አጠገቤ ነበረች። ሦስተኛው ሃያ ዓመቱ ነበር፤ የአባባ ረዳት ሆኖ መቅረቱ አንገፍግፎት ነበር። በሳምንቱ ብሩሹን ተረከበ።

ለዌንደል ምንም አልነገርኩም። ፉርጎዋን ግን ቀይ አልቀባትም። ቅዳሜ ተነስተህ "አረንጓዴ ነበረች" በል፤ ሁለት ቃል ነው። ካልተነሳህ እኔ እነሳለሁ፤ እኔ ስጀምር ደግሞ ሁለት ቃል አይበቃኝም።

እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ የምታስብበት ጊዜ ያስፈልግሃል። አባባ ከተባረረ በኋላ "ጥፋቱ የእኔው ነው፣ ጣቴ ደንዝዟል" የሚለው አንተ ማዕድ ላይ ስትኖር ብቻ እንደነበር የገባኝ ትናንት ነው። ክዳኑን ማን እንደቀያየረው ማወቁ ላንተ ያኔውኑ ሳይገባህ አልቀረም።

ታናሽ እህትህ