ቁልፉ ቨርሊን ኪስ ውስጥ ነው

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ
ድንጋይ እያንሸራተትን የምንጫወትበትን የከርሊንግ ሜዳ በረዶ አስተካከልኩ። ቆንጆ ሆኗል። የክለባችን ሊቀመንበር ቨርሊን ግን የልብ ማስነሻ መሣሪያውን ከግድግዳ አውርዶ ቢሮ ቆለፈበት።
«ያልሠለጠነ ነክቶት ሰው ቢሞት፣ በክስ እንጠፋለን።»
«ማን ሠልጥኗል ታዲያ?»
«እስካሁን ማንም።»
ጉድ እኮ ነው...

ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ
ዛሬ አርቪድ በጨዋታ አሸነፈኝ። እንደ ደንባችን አሸናፊ ጋባዥ ነው፤ «ምን ይቀዳልሽ?» ብሎ ሳይጨርስ ተዘረረ። ትንፋሽ የለም። ቨርሊን ቤቱ፣ ቁልፉ ኪሱ። አንዱ «ደውሉለት!» ይላል። እስኪመጣ ልጠብቅ? የመጫወቻውን ድንጋይ አንስቼ የቢሮውን በር በረገድኩት። መሣሪያው ራሱ ይናገራል፤ ያለኝን አደረግሁ። ደረቱን ስጫን የሆነ ነገር ቀጭ አለ... አላቆምኩም። አምቡላንስ ወደ ፋርጎ ሆስፒታል ሲወስደው ይተነፍስ ነበር።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ
ቨርሊን መጣ። አርቪድ ነቅቷል፤ ቨርሊን ግን የሚያወራው ስለ አርቪድ ጎድን አጥንት ነው።
«ሰብረሽዋል፣ ማርሊስ። ቢከሰንስ? አባላቱ ፊት ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› በይ። አለበለዚያ ከክለቡ ትወጫለሽ።»
ዕድሜዬን በረዶ ከሠራሁበት ክለብ!
«አልልም። የፈለግከውን አድርግ።»

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ
የግዛታችንን ሕግ አነበብኩ። በድንገተኛ አደጋ በቅን ልቦና የረዳ ሰው፣ ባይሠለጥንም፣ ከባድ ቸልተኝነት እስካልፈጸመ ድረስ አይጠየቅም። ታዲያ ማንን ነው የፈራነው?

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ
ስብሰባ። ይቅርታ ሲጠብቁ ሕጉን አነበብኩላቸው። ከዚያ የአርቪድ ሚስት ኮሪን ተነሳች።
«እከሳለሁ» አለች።
ቨርሊን ፊቱ ዐመድ መሰለ።
«ዳግመኛ ከቆለፋችሁት!»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ድምፅ ተሰጠ፤ መሣሪያው ያለ ቁልፍ ሜዳው ዳር ይሰቀላል፣ እኔም የትም አልሄድም።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ
ዛሬ ጨዋታ የለም፤ ሥልጠና ነው። ቨርሊን ሰው መሰሉ የመለማመጃ አሻንጉሊት አጠገብ ተንበርክኮ ደረቱን በጣቱ ጫፍ ይነካካል።
«አጥንቱን ብሰብረውስ?»
«ጫን!» አልኩት።
አርቪድ ጎኑን ደግፎ ከወንበሩ ጮኸ፦ «እሷ እንዳንተ ብታባብለኝ ኖሮ ይሄኔ ተቀብሬ ነበር!»
ቨርሊን ቀና ብሎ አየው። ኮቱን አወለቀ። ክርኑን ቀጥ አድርጎ እንደገና ጀመረ።