ሁለተኛ የሚሉ ሁለት ካርዶች

ውድ የአራተኛ ክፍል የዴስክ ጓደኛዬ፣

ይህ ደብዳቤ ከልጅሽ ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ ታሽጎ፣ በራሷ በልጅሽ እጅ ነው የደረሰሽ። «ለእማዬ ብቻ» ብዬ ስለጻፍኩበት አልከፈተችውም። ልጅሽ የሰው ነገር አትነካም። ይህን ጠባይ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፤ ካንቺ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ትምህርት ቤት ስትመጪ «እርስዎ» እያልኩ ወንበር ስስብልሽ ከርሜያለሁ። እዚህ ግን አንቺ ነሽ። ዓመቱን ሙሉ ስላልለየሽኝ አልቀየምኩም፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነው፤ እኔም ወፍሬያለሁ፣ መነጽርም አድርጌያለሁ። ስሜን የክፍሌ በር ላይ እያነበብሽ ነበር የምታልፊው። «አቤቱታ» ተብሎ አልተጻፈማ!

አሁን አወቅሽኝ አይደል? እንግዲያው ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የዚያን ዓመት የመዝጊያ ሳምንት ታስታውሺዋለሽ? ዴስኮቹን ደጅ አውጥተን በሳሙና ስንፈገፍግ፣ የቀለም ነጠብጣብ በምላጭ ስንፍቅ፣ ሥዕሎቻችንን ከግድግዳ እያወረድን ስንሻማ። ክንዴ እንዳያልፍ ብለሽ ዴስካችን መሀል ለመሀል ያሰመርሽውን መስመር ያን ቀን ራስሽ ፍቀሽ አጠፋሽው። «ከእንግዲህ ድንበር የለንም» አልሽኝ። እኔ ሞኟ አመንኩሽ።

የክፍላችንን ኃላፊ፣ ጋሼ ጥድፊያ የምንለውን መምህር፣ መቼም አትረሺውም። ትምህርት ሳይዘጋ ልቡ ቀድሞ ለእረፍት የሚወጣ ሰው ነበር። የክፍሉን ውጤት ሮስተር ላይ፣ ያ ጠረጴዛ የሚያህለው ወረቀት ላይ፣ ራሱ ደምሮ ደረጃ ያወጣል። ወደየካርዳችን መገልበጡ ግን ይሰለቸዋል። ስለዚህ ሃምሳ ሁለቱንም ባዶ ካርዶች አስቀድሞ ይፈርምባቸውና ጽሕፈቷ ለሚያምር ተማሪ ሮስተሩን ከነካርዶቹ ይሰጣታል። ያቺ ተማሪ አንቺ ነበርሽ። ጽሕፈትሽ ያምር ነበር፤ እሱን አልክድሽም።

አባቴ ደግሞ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቤት የሚውለው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም በእንቅልፍ ያሳልፈዋል። በዚያ ዓመት «አንደኛ ከወጣሽ እረፍቱን በሙሉ ከጎኔ አስቀምጬ ይዤሽ እዞራለሁ» አለኝ። ከሞተሩ ሽፋን አጠገብ ያለችውን አንዷን ወንበር ማለቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያጠናሁት ለዚያች ወንበር ነበር። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ላንቺ።

ካርዴን ስቀበል ሁለተኛ ይላል። የፈተና ውጤቴን በየጊዜው ደብተሬ ጀርባ ላይ እደምር ነበር፤ ያንቺንም በቃሌ አውቀዋለሁ። አንደኛዋ እኔ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ። «እስኪ ያንቺን አሳዪኝ» ስልሽ ካርድሽን ደረትሽ ላይ ለጠፍሽው። ሮጬ ጋሼ ጥድፊያ ጋ ሄድኩ። ሻንጣው በእጁ ነበር፤ አንቺን ጠራሽ።

«በትክክል ገልብጠሻል?» አለሽ።

«እናቴ ትሙት፣ ጋሼ! ሁለቴ ነው ያየሁት።»

«በቃ፣ ተፈርሞበታል» ብሎኝ ወጣ። አንድ ፊደል ሳይጻፍበት የፈረመው እሱ ራሱ መሆኑን እንኳ አላሰበም። አንቺ ደግሞ ወደ ክፍሉ ዞረሽ «ይቺ ልጅ አቤቱታ አቀረበች!» አልሽ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስሜ አቤቱታ ሆኖ ቀረ።

አባቴ ካርዱን አይቶ ራሴን ዳበሰኝ። «ሁለተኛም ቢሆን ጎሽ! ግን ያልኩሽ አንደኛ ነው፤ ዛሬ ቃሌን ባጥፍ ነገ አታምኚኝም» አለ። በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ስሸኘው፣ ጃኬቱን አውልቆ እኔ የምቀመጥባት ወንበር ላይ አስቀመጠና መኪናውን አስነሳ። በቀጣዩ ዓመት አንደኛ ወጣሁ። ያኔ ግን ዓይኑ ደክሞ መሪውን አስረክቦ ነበር፤ ጋራዥ በር ላይ ተቀምጦ የሚገባና የሚወጣ መኪና ይመዘግባል። ከጎኑ ተቀምጬ የሄድኩበት አንድም መንገድ ሳይኖር ሞተ።

እንግዲህ አንቺ በዚህ ዓመት መጀመሪያ ልጅሽን በእጅሽ ይዘሽ፣ በዚያው በድሮው ትምህርት ቤታችን፣ እኔ የማስተምርበት ክፍል በር ላይ ቆምሽ። ገና ሳይሽ አወቅሁሽ። ጮቤ ረገጥኩ! እግዜር እጄ ላይ ጣለሽ አልኩ።

ያደረግሁትን አልደብቅሽም። የልጅሽን የማጠቃለያ ፈተና ሳርም፣ ስህተት ፍለጋ አራት ጊዜ አገላበጥኩት። ጽሕፈቷ ተንጋዷል፣ አራት ነጥብ ረስታለች እያልኩ ሦስት ነጥብ ቆረጥኩባት። ወደ ስድስተኛ የሚጥላት ነበር። 

በማግስቱ ዴስክ አጠባ ነበረን። ልጅሽ እስከ ክርኗ አረፋ ለብሳ፣ የራሷን ጨርሳ የጎረቤቷን ዴስክ ትፈገፍጋለች። ሳልፍ ቀና አለችና፣

«ቲቸር፣ ካርዴን በፖስታ አሽገው ይሰጡኛል?» አለችኝ።

«ለምን?»

«መንገድ ላይ እንዳላየው። አንደኛ ካልወጣሁ ለእረፍት ከአባዬ ጋር ሐይቁ ጋ አልሄድም። አባዬ ዋና ሊያስተምረኝ ነበር። እማዬ የሷን ካርድ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ ‹ከኔ ማነስ የለብሽም› ትለኛለች።»

ይህን ብላ ወደ ፍግፈጋዋ ተመለሰች። ላዝንላት አልፈለግሁም ነበር፤ አዘንኩላት። ቢሮ ገብቼ ሦስቱን ነጥብ መለስኩላት። ተመልሶላትም ሁለተኛ ነው የወጣችው፤ በግማሽ ነጥብ ተበልጣ። አንደኛዋ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት።

ሐሙስ ዕለት አንቺ ከተፍ አልሽ። ወሬው በማን በኩል እንደደረሰሽ እንጃ።

«ቲቸር፣ ግማሽ ነጥብ እኮ ናት! ማን ያያል?»

«አንደኛ የወጣችዋስ ልጅ?»

«እሷ ምን ትሆናለች? ሁለተኛም እኮ ጥሩ ነው።»

«እንግዲያው ለልጅዎም ጥሩ ነዋ።»

ሳቅሽብኝ። «የኛ ቤት ይለያል፣ ቲቸር። እኔ ራሴ በሷ ዕድሜ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ነበርኩ።»

«ማን ነበር የሚከተልዎት?»

«ኧረ አንዲት ነጭናጫ ነበረች! አቤቱታ ነበር የምንላት። የት እንደገባች እንጃ።»

የት እንደገባሁ ልንገርሽ። አንቺ እንደወጣሽ ሪከርድ ክፍል ገባሁ። የድሮዎቹ ሮስተሮች ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ተጠቅልለው፣ በሲባጎ ታስረው ነው የሚቀመጡት። መሰላል ይዤ ወጣሁ፣ አቧራው እስኪያስነጥሰኝ ፈታሁ፣ የኛን አገኘሁት። የኔ አማካይ ዘጠና አንድ ነጥብ አራት፣ ደረጃ አንደኛ። ያንቺ ዘጠና ነጥብ ስድስት፣ ደረጃ ሁለተኛ። መስመር ስቼ ነው እንዳትዪኝ፤ በስም ተራ መሀላችን አሥራ አራት ልጆች አሉ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለደረጃው አልነበረም፤ ጃኬቱ ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ተነሥቼ አዲስ ካርድ አወጣሁና በስምሽ ሞላሁት፤ የየትምህርቱን ውጤት፣ ድምሩን፣ አማካዩን፣ ደረጃውን። ርዕሰ መምህሩ ሮስተሩንና ካርዱን አስተያይቶ «ደግሞ ይሄ ለማን ይጠቅማል?» አለኝ። «ለካርዱ ባለቤት» አልኩት። ማኅተሙን መታበት።

እንግዲህ በዚህ ፖስታ ውስጥ ሁለት ካርዶች አሉልሽ። የልጅሽ፣ ሁለተኛ። ያንቺ፣ ሁለተኛ። ከእናቷ ማነስ የለባትም አላልሽም? ይኸው፣ አላነሰችም።

ሳሎን የሰቀልሽውን ታወርጂዋለሽ። ልጅቷ ሐይቁ ጋ ትሄዳለች፣ ያውም ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ። ለባልሽ የምትዪውን አንቺ ፈልጊ፤ ካጣሽ ይህን ደብዳቤ ስጪው። ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምጠይቀው «እረፍት እንዴት ነበር?» ብዬ ነው። ልጅሽ አልሄድኩም ካለችኝ፣ የወላጆች ስብሰባ ዕለት ሮስተሩን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዘርግቼ እለጥፈዋለሁ። አታደርገውም ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ ነጭናጫ መሆኔን አንቺው ነሽ የተናገርሽው።

ይቅር አላልኩሽም። ልልሽም አላሰብኩም። አባቴን ማን ይመልስልኛል?

ካርዶቹ እንደተለመደው ትምህርት ሲከፈት ተፈርመው ይመለሳሉ። በልጅሽ ካርድ ላይ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ አንቺ ፈርሚ። ባንቺው ላይ ልጅሽ ትፈርም። ከመፈረሟ በፊት ግን አንድ በአንድ ታንብበው፤ ሳያዩ መፈረም ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ እኔና አንቺ እናውቃለን።

መልካም የእረፍት ጊዜ፣
አቤቱታ