የፍልሰታ ጉም

ለምወድህ ወንድሜ ለታዴዎስ ሣህሌ፣

እንደምን ሰነበትክ? የሰመራ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ሀሴትስ እንዴት ናት? የእግሯ እብጠት ጎደለላት? እንቅልፍስ ይወስዳታል? በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው» ብለህ ስለምታልፈኝ ነው እዚህ የደረደርኩልህ፤ አንድ በአንድ መልስልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ እንዳልቀጥል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ መናገር ስላልቻልኩ ነው። ስትደውል አባባ ድምፁን ከፍ አስደርጎ አጠገቤ ይቀመጣል፤ አንድ ነገር ልል ስል በዓይኑ ይገላምጠኛል። በስልክ መልእክት እንዳልልክልህ ደግሞ ሀሴት ታየዋለች፤ በዚህ ሁኔታዋ እንድትደነግጥ አልፈልግም። ጎረቤታችን ጁነይድ ነገ ዕቃ ጭኖ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

አባባ በሕይወት አለ። ሰኞ ዕለት ግን ተራራ ላይ ልናጣው ነበር።

ሀሴት ሁለት ጊዜ ጽንስ ከወረደባት በኋላ አባባ ስለት መሳሉን ሰምተሃል። ምን ብሎ እንደተሳለ ግን አልነገረህም። ይህኛው በሰላም እንዲወለድ ፍልሰታን ሙሉ በየቀኑ በእግሩ እንጦጦ ወጥቶ ሊያስቀድስ፣ ጠበል ተጠምቆ ሊመለስ ነው የተሳለው። በዚህ ዕድሜው! ታክሲ ልያዝልህ ስለው «ስለቱ የእግር ነው» ይለኛል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማ ሰው እየመራሁ ያንኑ ተራራ እንደምወጣ ታውቃለህ። ክረምት ሲገባ ለተጓዦቼ የምነግራቸው ሁሌም አንድ ነው። ነሐሴ ላይ ጠዋት ሰማዩ ከጠራ አትዘናጉ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ይብሳል። ከምሳ ሰዓት በፊት ከጫፉ ውረዱ። ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ አትውጡ። የጥጥ ልብስ አትልበሱ፣ አንዴ ከራሰ ሙቀታችሁን ይጨርሰዋል። እንግዲህ አባባን ተመልከተው። ቅዳሴው የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እስከዚያ እህል አይቀምስም። የሚለብሰው ነጠላና ጋቢ ነው። ጠበል አይጠረግም ብሎ ደግሞ እርጥብ ገላውን በጋቢው ሸፍኖ ነው የሚመለሰው። የማላውቀው ሰው ሁሉ ይሰማኛል፤ የወለደኝ ሰው ብቻ «አንቺ የትናንት ልጅ፣ ተራራ ልታስተምሪኝ ነው?» ይለኛል።

ሰኞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። አባባ «አየሽ፣ ዛሬ ተፈቅዶልኛል» ብሎኝ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ከጫካው በላይ ጠቆረና በረዶው ቆርቆሯችንን ይደበድበው ጀመር። እማዬ ከመስኮቱ አልተነሳችም። በረዶው ሲያባራ ጉሙ ወርዶ የጎረቤት አጥር እንኳ አልታይ አለን። አባባ የሚመለስበት ሰዓት አለፈ፤ ስልኩን እንደ ልማዱ ቤት ጥሎት ሄዷል።

ወተት የሚያመጡልንን ጋሽ ነገሳን ታስታውሳቸዋለህ፤ ቤታቸው ጫካው አፋፍ ላይ ነው። እሳቸው ጋ ሮጥኩ። ወዲያው ዱላቸውን አንስተው ወጡ። መሻገሪያው ወንዝ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል። «ይህን አይቶ ወደ ላይ ተመልሷል» አሉኝ። እሳቸው በሚያውቁት ሌላ መሻገሪያ አልፈን እየጮህን ወጣን። ጉም ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እኔ በግራ ሰማሁ ስል እሳቸው በቀኝ ነው ይላሉ። እጄን ግን አለቀቁኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።

የወደቀ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘነው። አይንቀጠቀጥም ነበር። ታዴ፣ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ብርድ ሰውን ሊጨርስ ሲል መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ አእምሮውም ይስታል። ጋቢውን አውልቆ ለሀሴት የቀዳውን የጠበል ጀሪካን ጠቅልሎበታል፤ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ልቀበለው ስል በክንዱ ገፋኝ። «ሕፃኑን አትቀስቅሺው፣ በርዶታል» አለኝ። እዚያው አለቀስኩ።

ጋሽ ነገሳ ካፖርታቸውን አልብሰው በጀርባቸው ተሸክመው ቤታቸው አስገቡት። ባለቤታቸው ጵርስቅላ ትኩስ ወተት በማንኪያ ትንሽ ትንሽ አጠጡት፤ ያ ነው ነፍሱን የመለሰው። በማግስቱ ያየው ሐኪም ሳንባው ተነክቷል፣ ከብርድ ይጠበቅ ብሏል።

መከራችን እዚህ ያበቃ መስሎህ ይሆናል። አባባ ወደ ልቡ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው ምን እንዳጠጣነው ነው። ወተት መሆኑን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ጾሜን አፈረሳችሁት፣ ስለቱም ፈረሰ፤ ከሰኞ ጀምሬ እንደ አዲስ እወጣለሁ» አለ። የንስሐ አባቱ አባ ዘመንፈስቅዱስ መጥተው «ታመህ የጠጣኸው አይቆጠርብህም፣ እኔ ፈትቼሃለሁ» አሉት። አባባ መስቀላቸውን ተሳለመና «የተሳልኩት ለታዴዎስ ልጅ ነው፤ እሱ ይበቃል ካላለኝ አልቀርም» አላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ትናንት ጫማውን ደበቅሁበት። «ባዶ እግሬን ከሆነማ ስለቱ ይበልጥ ይሰምራል» ሲለኝ አውጥቼ ሰጠሁት። እማዬን ሲያስቃት በዚያው አስለቀሳት።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ከእሑድ እንዳታሳልፈው። ደውልና በራስህ አፍ «አባባ፣ ይበቃል» በለው። አትለምነው፣ በልመና እንደማይመለስ ታውቃለህ። እኔ የነገርኩህ መሆኑን ቢያውቅ ይቆጣኛል፤ ይቆጣኝ። ልጅህ ሲወለድ የሚታቀፈው አያት ይኑረው።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ታናሽ እህታችን ናዝሬት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ ሰላም ትልሃለች። ጋሽ ነገሳ «ወንድምሽን እንዳየሁት አድርገሽ ሰላም በይልኝ» ብለዋል። ሀሴትን ሳምልኝ፣ ይህን ግን አትንገራት። አባባም ለማን እንደምጽፍ ጠይቆኝ ለአንተ መሆኑን ስነግረው «ደህና ነው፣ እየበረታ ነው በይልኝ» አለኝ፤ ቃሉን ሳይጨርስ ሳሉ ያዘው።

እህትህ ሃይሚ
ወሰን፣ የካ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.