ሄሊኮፕተሯ ከገመዱ ወዲያ

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም እንቢ አለች። ማለቴ እስከ ጉልበቴ ድረስ ተነሣች፤ ከዚያ ወደ ግራ ተንጋደደችና ተከሰከሰች። ከሥሯ በመስቀል ቅርጽ ያሰርኳቸው ቀርከሃዎች ባይኖሩ ክንፏ አፈር ግጦ ነበር።

ደክሞኛል። ጠዋት መሠረተ ትምህርት። ከሰዓት ስብሰባ። ከስብሰባው በቀጥታ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ። ሌላው መምህር ክረምቱን ያርፋል፤ እኔ በሬዲዮ የምትታዘዝ ሄሊኮፕተር ስከተል ጀንበር ትጠልቅብኛለች።

ስለ አመጣጧ አልጻፍኩልህም፣ ማስታወሻዬ። እዚህ ጂንካ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ የከብት ሐኪም ናት ባለቤቷ። ኧረ ነው። እጄም አእምሮዬም ዝሏል። አመሻሽ ላይ ሜዳው ላይ ያበርራት ነበር፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃታል። ወደ አገሩ ሲመለስ ለት/ቤታችን ሰጣት። የእጅ ሥራ መምህር ስለሆንኩ ያንተ ናት ተባልኩ። ዶክተሩ ጥቂት ቀን አሳየኝ፣ ሣጥኑንና የነዳጁን ጀሪካን አስረከበኝ፣ ሄደ። አሻንጉሊት ስላት ተቆጥቶኝ ነበር። አሻንጉሊት ጣት አይቆርጥም አለ።

ርእሰ መምህሩ አቶ መንገሻ ደግሞ ለአውራጃው ሹሞች ቃል ገብተዋል። መስከረም 2፣ በአብዮት በዓል፣ ት/ቤታችን ሄሊኮፕተር ያበርራል ብለው። እኔን ሳይጠይቁ።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ነፋስ ሳይነሣ ወጣሁ። ዶክተሩ እንዳስለመደኝ ቡሎኑን ሁሉ በእጄ ነካካሁ። መጀመሪያ እጄ ላይ ያለውን ሬዲዮ ማብራት፣ ቀጥሎ የሷን ባትሪ። ሲጠፋ የተገላቢጦሽ። አንቴናውን አጥፌ ራቅ ብዬ ሞከርኩ፤ ትሰማለች። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ከኋላዋ ሆኖ መራቅ። መጠጋት የለም፣ ምንም ቢፈጠር።

የሜዳው ዘበኛ ጋሽ ዶሪ ከብቶቹን እየነዳ አወጣልኝ። በአሪኛ እየሰደባቸው። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን እንኳ እንዲህ አይተጋም። ከዚያ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ጠየቀኝ።

"ይሄ ውስጡ ሰው የለም። ማነው እሚነዳው?"

"እኔ ነኛ፣ ጋሽ ዶሪ።"

"አንተ እዚህ ነህ። እሱ እዚያ ነው። እሱ ቢያብድ በምን ትይዘዋለህ?"

ሳቅሁ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ቆመች! አየር ላይ። ወገቤን በሚያህል ከፍታ፣ ጅራቷን ወደ እኔ ሰጥታ፣ ዝም ብላ ቆመች። ዝም አይደለም፤ ጩኸቷ ጆሮ ይበጥሳል። ግን ቆመች። ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ሳላዛቸው ይሠራሉ። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ትንሽ ወደ ግራ። ሳወርዳት ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ለአስቴር ልነግራት ሮጬ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ከጎረቤቶች ጋር በሹክሹክታ እየጸለየች ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እሑድን የምናሳልፈው እንዲህ ነው። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ነገርኳት። እስካሁን እዚያ ሜዳ ላይ የምትውለው እሷን ለማቆም ነው? አለች። አዎ አልኳት። ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው።

ማታ ወባዬ ተነሣ መሰለኝ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

ወባው ነበር። ከአልጋ ከተነሣሁ ገና ቅርብ ነው፤ እግሬ ውኃ ውኃ ይላል። የተማርኩትን ግማሹን ረስቼዋለሁ።

አቶ መንገሻ ሊያዩኝ መጡ፤ ጤናዬን ሳይሆን ሄሊኮፕተሯን። የስፖርት መምህሩ ታደለ አብሯቸው ነበር። አንድ ጊዜ አቆምኩላቸው። አቶ መንገሻ ቅር አላቸው። ዶክተሩ ሰማይ ላይ ያሽከረክራት አልነበረም ወይ አሉ። እሱ ዓመታት ተምሮ ነው አልኳቸው። እኔ ገና ጅራቷን ወደ እኔ አድርጌ ነው የማቆማት። ፊቷን ስታዞርብኝ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ወደ ቀኝ ስላት ወደ ግራዬ ትመጣለች፤ እጄ ያንን ገና አልለመደም። አልገባቸውም። ወይም ገብቷቸው ደስ አላላቸውም።

ታደለ ልሞክር አለ። ዛሬ አይሆንም አልኩ። መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል እንዴ አለና ሳቀ፣ ግን ተቀይሟል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ትዕግሥት ብቻ የለውም።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9 ሰዓት

መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፍ።

ጠዋት ነው። አስቴር ቁርስ ይዛልኝ መጣች። ስትመጣ አላየኋትም፤ ሞተሩ ስለሚጮህ አልሰማኋትም። ነፋስ ድንገት ከጎን መታኝ። ሄሊኮፕተሯ ዞረች፣ ፊቷን ሰጠችኝ። ልመልሳት ወደ ቀኝ አልኩ። እኔን ትታ በጎኔ አለፈች። ዞር ስል አስቴር እዚያ ቆማለች።

ተኚ ብዬ ጮህኩ። ተኛች፣ ከነሳህኑ። ነዳጁን ዘጋሁ። ሄሊኮፕተሯ ከአስቴር አለፍ ብላ መሬቱን መታች፤ ክንፏ ተሰነጣጥቆ ስብርባሪው በየአቅጣጫው ተረጨ። አንዱ ስባሪ የአስቴርን ክንድ ከክርኗ በታች ከፈተው።

ደሙን በነጠላዋ አስረን ሆስፒታል ወሰድኳት። ጋሽ ዶሪ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው። ድሬሰሩ ሲሰፋት አንዴ እንኳ አልጮኸችም። እኔ ነኝ ማየት አቅቶኝ ውጭ የወጣሁት።

ስንጥሩ በጣም ስል ነው። ክንዷን ነው ያገኘው። ትንሽ ከፍ ቢል

ነሐሴ 5፣ እሑድ

ሄሊኮፕተሯን ሣጥኗ ውስጥ ቆልፌባታለሁ፤ ወስኛለሁ። በቃኝ። ለአቶ መንገሻ ተሰብራለች እላቸዋለሁ። እውነትም ተሰብራለች።

ለአስቴር ነገርኳት። ክንዷን ትራስ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ዶክተሩ የሰጠህ ሌላ ክንፍ የለም ወይ አለችኝ። አለ አልኳት።

"ታዲያ አልተሰበረችም።"

"አስቴር፣ ልገድልሽ ነበር እኮ!"

"አውቃለሁ። ሜዳው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ።" በደህና እጇ ትራሱን አስተካከለች። "አንተ ብትተዋት እነሱ ይተዋታል? ለታደለ ይሰጧታል። ታደለ ደግሞ ሰው መሐል ያስነሣታል። አንተ ቢያንስ አሁን ፈርተሃል።"

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። የተቆጣሁት በእሷ ነው ወይስ ልክ በመሆኗ፣ አላውቅም።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

አዲሶቹን ክንፎች ገጠምኩ። መጀመሪያ ግራና ቀኙን በቀጭን ሽቦ አንጠልጥዬ መዘንኩ፤ አንደኛው ከበደ፤ ቀላሉ ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። እኩል እስኪሆኑ። ጠማማ ቡሎኖችን አቃናሁ፣ የማይቃናውን ቀየርኩ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ እንደ ድሮው ግን አልተቻኮልኩም።

ከእንግዲህ ገመድ አለ። ጋሽ ዶሪና አስቴር ችካል ተክለው ዘረጉት፤ እሷ በአንድ እጇ። ሄሊኮፕተሯ ከገመዱ ወዲያ፣ ሰው ሁሉ ከወዲህ። ወደ ገበያ የሚያልፉ የገዘር መንደር ሰዎች ሸክማቸውን እንደያዙ ቆመው ሲያዩ፣ አንዱ ሊያቋርጥ እግሩን አነሣ። አስቴር ጮኸችበት። ሰውየው ደንግጦ ተመለሰ። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

ነፋስ ካለ አላስነሣም። ከደከመኝ አላስነሣም። ይኼ ሁለተኛው ከተጠበቀ ግን ዘላለም አላበርርም፤ ያልደከመኝ ቀን የለም።

ነሐሴ 28፣ ማክሰኞ

ፊቷን ወደ እኔ አድርጌ ማቆም ችያለሁ። ዝግ ብዬ አዞርኳት፣ አቆምኳት፣ መልሼ አዞርኳት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከሰዓት ቢሮ ተጠራሁ። አቶ መንገሻ በበዓሉ ቀን በሄሊኮፕተሯ ወረቀት በትነህ ታልፋለህ አሉ። መፈክር የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች። ከክብር ትሪቡኑ በላይ፣ ከሕዝቡ በላይ።

አይሆንም አልኩ። የአስቴርን ክንድ ነገርኳቸው።

"አደጋ የትም አለ፣ መምህር። መኪናስ አይገለበጥም?"

"መኪና በሰው አናት ላይ አይነዳም፣ ጋሼ። አንድ ቡሎን ቢላላ፣ ባትሪው ቢደክም፣ እኔ እዚያ ደርሼ የምይዛት አይደለችም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው የደከመ ሰው ፊት ነው፤ እሳቸውንም ከላይ የሚይዛቸው አለ። ሕዝቡን አላስደስትም ማለትህ ነው? ብለው ጠየቁኝ፣ ቀስ ብለው። ይቺ ጥያቄ የት እንደምታደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ከገመድ ወዲያ ከሆነ አበርራለሁ፣ በሰው ላይ ከሆነ አላበርርም አልኩና ወጣሁ።

ጳጉሜን 3፣ እሑድ

ጓደኞቼ ይመክሩኛል። አንዱ አንዴ ብቻ ፈጠን አድርገህ አሳልፋት፣ ምን ይሆናል አለ። አንዱ ታምሜያለሁ በል አለ። ሦስተኛው ዓይኔን እንኳ ሳያይ ሰላም ብሎኝ አለፈ። እሱ ነው ያስፈራኝ።

እንቅልፍ የለኝም። አስቴር ስፌቱ ከወጣላት ሰነበተ፤ ጣቶቿ ግን ቅዝቃዜ ሲነካቸው ይደነዝዛሉ። ባልዲ በቀኟ ማንሣት አቁማለች። አታማርርም። ብታማርር ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 2፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰዓት

አለፈ።

ሜዳው በሰው ሞልቷል። ከየቀበሌው በሰልፍ። ንግግር፣ መፈክር፣ እንደገና ንግግር። ፀሐዩ ያቃጥላል። እኔ ከሜዳው ማዶ፣ ከገመዱ ወዲያ ብቻዬን። ጋሽ ዶሪ ዱላውን አግድም ይዞ ገመዱ ላይ ቆሟል። አስቴር ከሴቶቹ ሰልፍ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ማንም አላዘዛትም።

በድምፅ ማጉያው ተጠራሁ። አስነሣሁ። ትሪቡኑ በሩቅ ነው። አቆምኳት፣ አዞርኳት፣ ወደ ግራ ወሰድኳት፣ መለስኳት። ሕዝቡ መጀመሪያ ጮኸ፤ ቆየና ዝም አለ። ሌላ ይጠብቃል። ይበተናል የተባለውን ወረቀት ይጠብቃል።

ያኔ የአቶ መንገሻ ድምፅ በማጉያው መጣ። "መምህር፣ ከፍ አድርግና ወደዚህ አምጣት! ወደዚህ!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሄሊኮፕተሯ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ ጣቴን ትንሽ ብገፋ ትሄዳለች። ትደርስም ነበር፣ ምናልባት። ከፊት ረድፍ ልጆቻቸውን አቅፈው የተቀመጡ እናቶች ይታዩኛል።

አወረድኳት። ሞተሩን ዘጋሁ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ፣ አንዳንዱ አፏጨ። ከዚያ የሙዚቃ ባንዱ መጫወት ጀመረ። ጋሽ ዶሪ ዕቃውን ሊያግዘኝ ሲመጣ ጥሩ አረፈች አለኝ። እንዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

መስከረም 6፣ ሰኞ

ዲመካ ተመድቤያለሁ። አቶ መንገሻ ራሳቸው ነገሩኝ። ቆመው። ከዚህ የባሰ እንዳይሆን ተሟግቼልሃለሁ አሉ፤ አምናቸዋለሁ። በዚህ ሳምንት የጭነት መኪና ይወስድሃል አሉኝ። ሐመር መሐል መምህር ያስፈልጋል፣ ሥራው ሥራ ነው፣ ሙቀቱን እንጂ ሰዉን አልፈራም። ሄሊኮፕተሯን ለታደለ አስረክብ ተባልኩ። ለገበሬዎች በዓል እሱ ያሳያል።

አስቴር ዕቃ ማሰር ጀምራለች፣ በግራዋ።

መስከረም 8፣ ረቡዕ። ማለዳ

ታደለ ትናንት ሣጥኑን ሊወስድ መጣ። ከፍቼ ሁሉንም አሳየሁት። አልሰማኝም፤ ዓይኑ ክንፉ ላይ ነው። የሞተሩ ካንዴላ የት እንደሚሰካ ብቻ ጠየቀኝ። ነገ አስነሣታለሁ አለ፣ ልጆቹ ይሰበሰባሉ።

የሣጥኑን ቁልፍ አልሰጠሁትም። እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ እኔ ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። መከልከል ከሆነ ነገ በትእዛዝ ይወስዱታል። መስጠት ከሆነ

"ላስተምርህ" አልኩት። "ብቻህን እስክታቆማት። ከዚያ ቁልፉ ያንተ ነው።"

"አንተ እኮ ሐሙስ ሂያጅ ነህ።"

"መኪናው ይሂድ። እኔ እቀራለሁ።"

አላመነኝም። አስቴር ከጓዳ ሰምታኛለች። ስታስረው የነበረውን ዕቃ መፍታት ጀመረች። ደመወዜን ይይዙ ይሆናል። ሌላም ሊያደርጉ ይችላሉ። ሳስበው እፈራለሁ፤ መፍራትም ደክሞኛል። ግን ወስኛለሁ። ታደለ ጅራቷን ወደ ራሱ ይዞ በፀጥታ እስኪያቆማት፣ ከዚያም ፊቷን አዙሮ እስኪያቆማት፣ ከጂንካ አልወጣም።

ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ሣጥኑን በር ላይ አውጥቼዋለሁ። ታደለ መጣ፣ ጫማውን እንኳ ሳያስር። ልሂድ፤ መጀመሪያ ገመዱን እንዘረጋለን።