በእጄ የሰረዝኩት ፊርማ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሳትጨርሰው እንዳትቀደው። ስልኬን አለማንሳትህ እውነትህን ነው፤ እኔም ብሆን አላነሳም። ይጮህብኛል ብለህ ይሆናል። አልጮህም። ደሞ ወረቀት ላይ እንዴት ተደርጎ ይጮሃል?

አዲሱ የሕንጻው ባለቤት የለጠፈው ማስታወቂያ እንዳለ ነው። ኪራዩ እጥፍ፤ ያልቻለ በወሩ መጨረሻ ይልቀቅ። የቤቶች ጽሕፈት ቤት ደግሞ አቤቱታችንን የሚያየው ከአርባው ተከራይ ከግማሽ በላዩ አንድ ወረቀት ላይ ከፈረመ ብቻ ነው አለ። ሃያ አንድ ፊርማ፣ እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን። ያለን ሃያ ነው።

ሃያ አንደኛው ያንተ ነበር ጋሼ።

ፊርማው ክብ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያም መጨረሻም ከሌለው ሰውዬው ማን እንደቆሰቆሰው በምን ያውቃል? ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የድስት ክዳን ዘቅዝቀን ዙሪያውን አሰመርን። አንተም ለለፍላፊነቴ ባወጣህልኝ ስም «ይሄ ራዲዮ አንዳንዴ ጭንቅላት አለው» ብለህ አሳቅካቸውና ፈረምክ።

ከዚያ ቆምክ። «ሰውዬው ምድር ቤት አንድ ክፍል በድሮው ኪራይ ልስጥህ ብሎኛል። እናታችን ደረጃውን አልቻለችም። እናንተ ምን ትላላችሁ?» አልክ። መጠየቅህ ነበር እኮ! እኔ ግን መች አስጨረስኩህ? «ሆዳም! በአንድ ክፍል ሸጥከን!» አልኩህ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «ኧረ ተው፣ ታላቅህ ነው!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ክንዴን መንጭቄ ስምህን ወረቀቱ እስኪበሳ ሰረዝኩት። አጨበጨቡልኝ። እውነቱን ልንገርህ? ጭብጨባው ጣፈጠኝ። አንተ ጃኬትህን አንስተህ ወጣህ፤ በዚያው ልጅህ ቤት ቀረህ።

ትላንት የእናታችንን ፍራሽ ሳገላብጥ የሰውዬውን ውል ከሥሩ አገኘሁት። በእሷ ስም ነው የተጻፈው። አንተ እንደ ዋስ የምትፈርምበት ቦታ ባዶ ነው።

«ወንድምህን ከጎረቤቶቼ ተነጥዬ አልገባም ስለው፣ እንግዲያው እነሱን ልጠይቅልሽ ብሎ ነው ስብሰባው የገባው» አለችኝ።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ታስወራለህና!»

ጋሼ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ የሁሉንም በር አንኳኳሁ። ካልፈረሙት ግማሾቹ ጓዛቸውን ጭነው ሄደዋል። የቀሩት ደግሞ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ለወንድሙ ያላዘነ ለኛ ያዝናል?» በሩን ፊቴ ላይ ድርግም! ጽሕፈት ቤቱም ሄጄ የመዝገብ ሠራተኛዋን «የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ እንዳልተሰረዘ ቁጠሪልኝ» ብዬ ለመንኳት። እኔ፣ ለማኝ! «ባለስሙ ራሱ መጥቶ ፊቴ ይፈርም» አለችኝ። እናታችን አሁን ያለችበት ክፍል የድሮ ውል ያለው በስምህ ነው። እኔ በራሴ ክፍል ፈርሜያለሁ፤ በአንተ ቦታ መፈረም አልችልም።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ነኝ። ጎረቤቱን ሁሉ እጠራዋለሁ። እነሱ ፊት ስደበኝ፣ የሰደብኩህን ያህል፣ ከፈለግክም ጨምርበት። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብመልስ ጥለኸኝ ሂድ። ከዚያ በፊት ግን ፈርም። ከስርዙ አጠገብ አንድ ስም የምታስገባ ቦታ አለች፤ ማንንም አላስነካሁም።

ይቅር በለኝ ማለት ያቅተኛል ብዬ ነበር። ይኸው፣ ይቅር በለኝ።

እናታችንን ሐኪም ቤት ስንወስዳት ትዝ ይልሃል? አራት ፎቅ፣ በወንበር፤ አንተ ከታች፣ እኔ ከላይ። እኔ ስለፈልፍ «አፍህን ዝጋና ደረጃውን እይ» ትለኝ ነበር። ካልመጣህ በወሩ መጨረሻ ብቻዬን እሷን ማውረዴ አይቀርም። ዛሬ ወንበሩን ብቻዬን ሞከርኩት፤ ባዶውን፣ እሷ ሳትቀመጥበት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከእጄ አመለጠኝ። ከላይ ሆና «ምንድን ነው የወደቀው?» አለችኝ።



ከታች የሚይዝለት የሌለው
ታናሽህ፣ ራዲዮ