ፎቶ አንሺው በየጠዋቱ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ልብዎ ደህና እንዲሆንልዎ እመኛለሁ፤ ልብዎን ቢያምዎ የሚተኙት እርስዎ በሚመሩት ሆስፒታል የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነውና፣ ይህንን ደግሞ ለጠላቴ እንኳ አልመኝም።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የልቧ ቫልቭ ተቀይሮላት በዚሁ ክፍል ተኝታለች። ቀዶ ሕክምናው በጥሩ እጅ ተሠርቷል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። እስከዚህ ያለው ምስጋና የእውነት ነው። የሚከተለውን ግን እንደ አመጣጡ ይቀበሉልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ሐኪሞችዎ ብዛት አመሰግናለሁ። ልክ እንደ ዘብ ተረኛ፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። የልብ ሐኪሙ ሳንባዋ ውሃ ይዟል ብለው ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት አዘዙ። እሳቸው ከወጡ በኋላ የኩላሊት ሐኪሟ መጥተው ሰውነቷ ደርቋል ብለው ግሉኮስ አስተከሉ። ሁለቱም ትእዛዝ በሚገባ ተፈጸመ። አንድ ቧንቧ ገንዳውን ሲሞላ ሌላው ቢያፈስ ገንዳው መቼ ይሞላል በሚለው ጥያቄ ስንቱን ተማሪ አስጨንቄአለሁ፤ ጥያቄውን በሚስቴ ገላ ላይ የሚሠራ ሆስፒታል ይገጥመኛል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ሁለተኛ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የሚመጣው ማስታገሻ ተሰጥቷት እንቅልፍ በጣላት ሰዓት ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ይጠራትና፣ ዝም ስትለው ታካሚዋ ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነችም ብሎ ጽፎ ይሄድ ነበር። ባለቤቴ በትዳር ዘመናችን ፈቃደኛ ያልሆነችባቸው ጉዳዮች እንዳሉ አልክድም፤ ይህኛው ግን እንቅልፍ ነው። ሰዓቱን እንዲቀይር ብለምነው፣ የእሱን ሰዓት የሚያወጣው አንድ ክፍል፣ የማስታገሻውን ሰዓት የሚያወጣው ሌላ ክፍል መሆኑን፣ ሁለቱ ክፍሎችም በተለያየ ፎቅ ላይ እንደሚገኙ በትሕትና አስረዳኝ። ሊፍት እንዳለ ነገርኩት።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት ተአምር ነው። ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉን መጽሔት የሚያዘጋጁት ሰዎች ስለ ቡድን ሥራ ለሚወጣ ጽሑፍ ፎቶ አንሺ ይዘው መጡ። የባለቤቴ አልጋ ጥሩ ብርሃን ያገኛል ተብሎ ተመረጠ። ቀዶ ሐኪሙ፣ የልብ ሐኪሙ፣ የኩላሊት ሐኪሟ፣ ነርሷ፣ የመድኃኒት ባለሙያዋ፣ ያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳይቀር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ከበቧት። ፎቶ አንሺው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ «ካሜራውን አትዩ፤ እርስ በርስ የምትመካከሩ ምሰሉ» አላቸው።

ለማስመሰልም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋልና የልብ ሐኪሙ ወደተሰቀለው ግሉኮስ ቀና ብለው ማን እንዳዘዘው ጠየቁ። የኩላሊት ሐኪሟ ራሳቸው እንደሆኑ ተናግረው፣ ውሃ የሚያስወጣው መድኃኒትስ እስካሁን ለምን እንዳልቆመ መልሰው ጠየቁ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ የሕክምና ካርድ ላይ አጎነበሱ። ፎቶ አንሺውም «ጎሽ፣ እንደሱ ቀጥሉ» አለ። ዕቃውን ሰብስቦ ሳይጨርስ አንዱ ትእዛዝ ተሰርዞ ሌላው ተስተካከለ፣ የማስታገሻውም ሰዓት ተቀየረ። ባለቤቴ የኦክስጅን ጭንብሏን ገለጥ አድርጋ «ነገም ፎቶ እንነሳለን?» አለችኝ። በማግስቱ ሁሉም እንደ ለመዱት ለየብቻቸው መጡ።

አራተኛው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነው። ትናንት ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አቁመውኝ፣ በልቧ ዙሪያ ፈሳሽ ስለተጠራቀመ ደረቷ እንደገና መከፈት አለበት ብለው የፈቃድ ወረቀት ሰጡኝ። ትንሽ ቆይተው የልብ ሐኪሙ እዚያው ኮሪደር ላይ አገኙኝና፣ ልቧ ሌላ ማደንዘዣ አይችልም፣ በመድኃኒት እንጠብቅ፣ አትፈርም አሉኝ። ለባልደረባቸው ነግረዋቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እኔ እንድነግራቸው አደራ አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። የሁለት ሐኪሞች እውቀት የሚገናኘው በእኔ ጭንቅላት ውስጥ መሆን አልነበረበትም። ተሳስቼ ብፈርም ገዳይዋ እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ባልፈርምም ያው እኔው ነኝ። እናንተ ግን ሁላችሁም የየድርሻችሁን በሚገባ ተወጥታችኋል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁሉም በአንድነት አልጋዋ አጠገብ ቆመው፣ ተነጋግረውና ተከራክረው፣ አንድ ቃል እንዲነግሩኝ እለምናለሁ። ለአንድ ታማሚ ሲባል መሰብሰብን አሠራሩ የማይፈቅድ ከሆነ ግን ፎቶ አንሺው በየጠዋቱ ይላክልን። ካሜራው ባይሠራም ግድ የለም።

በእኔ ዘንድ ያለቀው ትዕግሥት በእርስዎ ዘንድ ገና ብዙ እንደተረፈ በማየቴ እየተደነቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ያልተፈረመ ወረቀት ይዞ ኮሪደርዎ ላይ የተቀመጠው
ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ ከባለቤቴ ቀጥሎ የተኛው የጭነት መኪና ሹፌር ሴት ልጅ ትናንት ማታ ይህን መጻፍ ስጀምር አይታኝ፣ «ጋሼ፣ ፎቶ አንሺው ወደ አባቴም ዞር እንዲል ይጨምሩልኝ» ብላኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት የአባቷን ሕመም በትክክል ልጽፍ ብዬ ልጠይቃት ስሄድ አልጋው ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎበት አገኘሁት። ስለዚህ የእሷን ጥያቄ አላካተትኩም።