በገዛ ጀባዬ

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ሪያድ ለምትኖረው፣ እናትም አባትም ሆና ላሳደገችኝ ለእቴ ከሪማ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽ እቴ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ሙቀቱስ በረድ አለልሽ? እንቅልፍስ ያስተኙሻል? የማዳምሽ ልጆች አሁንም ፀጉርሽን ይጎትታሉ ወይስ እኔ በመከርኩሽ መሠረት ጅብ ይመጣል ብለሽ አስፈራራሻቸው? እኔ አልሀምዱሊላህ፣ አካሌ ደህና ነው። ቀልቤ ግን እሁድ ከሄድኩበት ከደጋን ከተማ አልተመለሰም። ካለፈው እሁድ ጀምሮ አፌ እንደተከፈተ ነው፤ ዝንብ ይገባል፣ ዝንብ ይወጣል።

ሰኞ ደውዬ «እቴ፣ እንደ ሴት ልጅ ታጨሁልሽ» ብልሽ ከት ብለሽ ስቀሽ ዘጋሽብኝ። አልፈርድብሽም። «እግሬ ተሰበረ» ብዬ አስለቅሼሽ ሳበቃ ኳስ ስለጋ የሚያሳይ ቪዲዮ የላክሁልሽ እኔው ነኝ። ለዚህ ነው ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያልጨበጥኩትን እስክሪብቶ ያነሳሁት። ሰው ለቀልድ ብሎ ጣቱ እስኪያብጥ አይጽፍም። ይህን የምታደርስልሽ ጓደኛሽ ይታይሽ ናት። ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ያዢና ጠይቂያት፤ እሷ እንደ እኔ አትዋሽም።

የምሾፍርላቸውን ቱርኮች ነግሬሻለሁ። ሽበታሙ ኦርሃን እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ይጠግናል፤ ሚስቱ ኤሊፍ ትባላለች። የእነሱን ስደት ሳይ ያንቺን አስባለሁ። አንቺ በሰው አገር የሰው ዕቃ ታጥቢያለሽ፤ እነሱ ቤት ግን ዕቃ የሚያጥበው አባወራው ነው! በዓይኔ በብሌኑ አየሁት፣ ሽርጥ ታጥቆ። የደጋን ሰው የሚያገለድመውን ሽርጥ እንዳይመስልሽ፣ የወጥ ቤቱን ነው። ቁርስ ላይ ደግሞ ወይን መስሎኝ የጎረስኩት ጥቁር ፍሬ ጨው ሆኖ ሊያንቀኝ ነበር፤ ለካ ወይራ ነው! እኛ ለዱላ የምንቆርጠውን እነሱ በዳቦ ይበሉታል።

እሁድን ቤት መዋል ሐራም ይመስላቸዋል። አንዱን እሁድ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን ደሴ ላይ ብርድ ፍለጋ፣ ሌላውን ሐይቅ ሄደን ዓሣ ልንጠብስ። ሰው መኪና አስነስቶ ብርድ ሲፈልግ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም በየመንገዱ አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። አንድ ቀን ኦርሃን «ጣሀ፣ የሚያምር ነገር ሳይ ምን ልበል?» ቢለኝ ሸይጣን ሹክ አለኝ፤ «ጀባ በሉኝ ትላለህ» አልኩት። ጀባ በሉኝ ማለት ስጡኝ ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ምኑን ያውቃል? ደሴ ሆጤ ሰፈር አንዲት ባለሱቅ ራሷ ላይ የጠመጠመችውን ሻሽ አይቶ «ጀባ በሉኝ» ቢላት ሴትዮዋ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ጓዳ ገባች። ሐይቅ መንገድ ላይ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ አውራ ዶሮ አማረውና «ጀባ በሉኝ!» አለ። ሽማግሌው ግራ ቢገባቸውም የእንግዳ አፍ አይመለስም ብለው ዶሮውን አስታቀፉት። ዶሮው መኪና ውስጥ ሲጮህ፣ ኤሊፍ ወንበሩ ላይ ስትወጣ፣ እኔ በሳቅ መሪው ላይ ተደፍቼ ገደል ልንገባ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ዊዳድ የምትባል የደጋን ልጅ ኦርሃን በሚጠግነው ማሽን ላይ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ሳገኛት «አንቺ፣ ሰው ነሽ ወይስ ክር? ምነው ቀጠንሽ?» እላታለሁ። «አንተን የማስር ክር ነኝ» ትለኛለች። ምላሷ ዕዳ አያሳድርም። ባለፈው እሁድ ቱርኮቹን ወላጆቿ ቤት ጋበዘቻቸውና እኔም ሾፌር ነኝና ሄድኩ።

አባቷ ሼህ መሕሙድ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ጠበቁን። ዊዳድ የእጅ ውሃ ይዛ ገባች። ኦርሃን ታጥቦ ሲያበቃ ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ከዚያ በጠራ አማርኛ «ሼህ መሕሙድ፣ ልጅዎን ጀባ በሉን» አለ።

ወላሂ እቴ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩ። እኔ ያስተማርኩት «በሉኝ» ነው፤ «በሉን» ከየት እንደመጣ ለማሰብ እንኳ ቀልብ አልነበረኝም። ብድግ አልኩና «ሼህ፣ ሰውየው አማርኛ...» ስል «ተቀመጥ ልጄ፣ ታላቅ ሲናገር ታናሽ አያቋርጥም» አሉኝ። ወደ ልጃቸው ዞረው «ልጁን ታውቂዋለሽ?» አሏት። አንገቷን ደፍታ «አውቀዋለሁ አባ፤ ክፋቱ አፉ ላይ ነው፣ ልቡ ደህና ነው» አለች። ሼሁም ሽማግሌዎቹን አየት አድርገው «እኛ ጀባ ብለናል» አሉ። ስለ ወገኖቼ ጠየቁኝ፤ በማን እጅ እንዳደግሁ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ያሳደገችህ እህትህ ቃሏን ትስጥ። ያለ እሷ ፋቲሃ ቀርተን ነገሩን አናስርም» ብለው ጨረሱ።

ልንሄድ ስንል ዊዳድ ሎሚ ይዛ የመኪናዬ መስኮት ላይ መጣች። «ጀባ ምን ማለት እንደሆነ ለኤሊፍ የነገርኳት በዶሮው ማግስት ነው» አለችኝ። «ታዲያ እያወቃችሁ?» ብላት «አንተን ብጠብቅ እስክሸብት ክር እያልከኝ ልትኖር ነው» ብላ ሎሚውን ጭኔ ላይ ዘረገፈችው። ኋላ ወንበር ላይ ባልና ሚስቱ በሳቅ ሞቱ። ኦርሃንማ «ጣሀ፣ ዶሮውም ጀባ፣ አንተም ጀባ» አለኝ።

እቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ሲያስደነግጠኝ የከረመው መታጨቴ አይደለም፤ ደስ መሰኘቴ ነው። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። እኔን ለማሳደግ ብለሽ ስንቱን ጠያቂ እንደመለስሽ አውቃለሁ። አንቺ ሳትሞሸሪ እኔ ልቅደም? ካስከፋሽ ንገሪኝ፣ ዊዳድም ትጠብቃለች። ዝም ብቻ አትበይ፤ ቀልድ ነው ብለሽ ዝም ካልሽ ደጋኖች ዝምታሽን እምቢታ ያደርጉታል። ቃልሽን ለአክስታችን ለወርቄ ስጫት። እሷም አላምን ብላኝ ደጋን ድረስ ሄዳ ጠይቃ ከመጣች ወዲህ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቷ ሆና ስልኩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትጠብቅሻለች።

አክስት ወርቄ ዱዓዋን ልካልሻለች። ኦርሃንና ኤሊፍ ሳያውቁሽ «ሰላም በልልን» ብለዋል። አውራ ዶሮውም ግቢያቸው ነግሦ ይጮኻል። ለይታይሽ ስለ ድካሟ ምስጋናዬን፣ ለማዳምሽ ልጆችም ከጅቡ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ዊዳድ ግን ሰላምታዋን በራሷ አፍ ልትነግርሽ ስለፈለገች እኔን አላመነችኝም።

እንግዲህ እቴ፣ ይህችን ቃል ዛሬ ሳላጣምም በእውነተኛ ፍቺዋ እልሻለሁ፦ ጀባ በይኝ።

ወንድምሽ ጣሀ፣ በክር የታሰረው
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.